ብርቱ እጅና ጠባብ ልብ

ለሰው የሚሰጥ ስጦታ ልዩ ልዩ ነው። ለአንዱ የእጅ ብርታት፥ ለአንዱ የድምፅ ማማር፥ ለአንዱም የነገር ብልሃት ይሰጠዋል። ስጦታውን ያየ ሕዝብ ባለ ስጦታውን ያከብራል፤ ካከበረውም በኋላ ቃሉን ይሰማል። እንግዲህ የተከበረ ሰው በእጁ ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንደኛው ስጦታው ነው፥ ሁለተኛው በስጦታው ምክንያት ያገኘው ተሰሚነት ነው። ብዙ ሰው ፊተኛውን ለማሳደግ ይደክማል፤ ሁለተኛውን ግን ሳያስብ ይበትነዋል። ነገር ግን ባልንጀራን የሚያነሣውም የሚጥለውም ይልቁን ይህ ሁለተኛው ነው። ይህን ለማስረዳት በአሜሪካ አገር የኖረ የአንድ ታላቅ ኳስ ተጫዋች ታሪክ እንናገራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው አድሪያን ኮንስታንታይን አንሰን ይባላል። በ1852 ዓ.ም. በአዮዋ ግዛት ማርሻልታውን በምትባለው ከተማ ተወለደ፤ ከተማይቱን የመሠረተ አባቱ ነበረ። እናቱ እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተች በአባቱ እጅ አደገ። ከልጅነቱም ጀምሮ ከመጽሐፍ ይልቅ ኳስ ይወድ ነበር።

ኳሱም ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች በሁለት ወገን ሆነው ይጫወቱታል። ከአንዱ ወገን ወርዋሪው ትንሽና ጠንካራ ኳስ በኃይል ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን መቺው የእንጨት ዱላ ይዞ ኳሱን ከአየር ላይ ለመምታት ይቆማል። ከመቺው በስተ ኋላ የወርዋሪው ባልደረባ ቁጢጥ ብሎ ያመለጠውን ኳስ በእጁ ይይዛል፤ ይህ ተቀባይ ይባላል። መቺው ኳሱን በደኅና የመታው እንደ ሆነ በአራት ማዕዘን የተተከሉትን ምልክቶች እየረገጠ ይሮጣል፤ ዞሮ ከተነሣበት ሲደርስ ለወገኑ አንድ ይቆጠርለታል። የተወረወረው ኳስ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ፥ ከመቶ ጊዜ ሠላሳ ጊዜ የተሳካለት መቺ እንደ ጎበዝ ይቆጠራል።

በ1871 ዓ.ም. በደመወዝ የሚጫወቱ ሰዎች የመጀመሪያውን ማኅበር ባቆሙ ጊዜ፥ አንሰን ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ጎልማሳ ሆኖ ከሮክፎርድ ቡድን ጋራ ተሰለፈ። ቀጥሎ በፊላደልፊያ አራት ዓመት ተጫወተ። በ1876 ዓ.ም. እስከ ዛሬ የሚኖረው ናሽናል ሊግ የሚባል ማኅበር ሲመሠረት ወደ ቺካጎ ሄደ፥ በዚያም ሃያ ሁለት ዓመት ቆየ። በ1879 ዓ.ም. የቡድኑ አለቃ ሆኖ ተሾመ፤ ስለዚህ ሕዝቡ የአለቅነቱን ስም አሳጥሮ «ካፕ» እያለ ይጠራው ጀመር። በእርሱ አለቅነት ቺካጎ በ1880፥ በ1881፥ በ1882፥ በ1885 እና በ1886 ዓ.ም. አምስት ጊዜ የማኅበሩ አሸናፊ ሆነ።

ስለ እጁ ብርታት ብዙ መናገር ይቻላል። በ1881 ዓ.ም. ከመቶ ጊዜ ወደ አርባ የሚጠጋ ተሳክቶለታል። መዝገብ የሚመረምሩ ሰዎች በአቆጣጠሩ ቢለያዩም፥ በዘመኑ ሁሉ 3,000 ደኅና ምት በመምታት የመጀመሪያው ሰው እርሱ እንደ ሆነ ይቆጠራል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በደመወዝ ተጫውቶ በ1897 ዓ.ም. ከሜዳ ሲወጣ ዕድሜው አርባ አምስት ነበረ፤ በዚህ ሥራ ይህን ያህል ዘመን መቆም ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ነው።

ጠባዩም ከብዙዎች የተሻለ ነበረ። በዚያ ዘመን በኳስ ተጫዋቾች ዘንድ ስካርና ውርርድ የተለመደ ነበር። አንሰንም በጎልማሳነቱ ጊዜ መጠጥና ጠብ የማያጣው ሰው ሳለ፥ ኋላ ራሱን ገዝቶ መጠጥን ተወ፤ ተጫዋቾቹንም እንዳይጠጡ ይከለክላቸው ነበር። በ1886 ዓ.ም. የጨዋታው ወራት ሳይደርስ ወደ አርካንሳስ ግዛት ወስዶ፥ ሆት ስፕሪንግስ በሚባለው የፍል ውኃ አገር የክረምቱን ስብ በወዝ እስኪያፈስሱ ድረስ አሠራቸው። ሲያረጅም «አባት» ብለው ይጠሩት ነበር። ከቺካጎ በተሰናበተ ጊዜ ጋዜጦች የቀረውን ቡድን «እጓለ ማውታ» ብለው ሰየሙት፤ አባቱ ሄዶበታልና።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ እውነት ነው፥ ምስጋናም ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚነገረውም እውነት ነው።

በዚያው ዘመን በኦሃዮ ግዛት ሞዘስ ፍሊትዉድ ዎከር የሚባል ጥቁር ሰው ነበረ። በኦበርሊን ኮሌጅና በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የተማረ፥ ተቀባይም ሆኖ የሚጫወት ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ተቀባዮች ዛሬ የሚያጠልቁት ወፍራም የቆዳ ጓንት ገና አልተለመደም ነበርና፥ የተወረወረውን ኳስ በባዶ እጁ እየያዘ ጣቶቹ ይቆስሉ ነበር። በ1883 ዓ.ም. ቶሊዶ በምትባለው ከተማ ቡድን ውስጥ ነበረ። በነሐሴ ወር፥ በ10ኛው ቀን፥ የአንሰን ቡድን ከቺካጎ ወደ ቶሊዶ መጣ። አንሰንም ዎከርን አይቶ፥ ጥቁር ሰው ከተሰለፈ ቡድኔ አይጫወትም አለ።

ዎከር በዚያን ቀን እጁ ታሞ ስለ ነበር ለማረፍ ታስቦ ነበር። የቶሊዶ አለቃ ቻርሊ ሞርተን የሚባል ነጭ ሰው ግን ይህን ቃል በሰማ ጊዜ የታመመውን ሰው ሆን ብሎ አሰለፈው። ለአንሰንም፥ ካልተጫወትህ ከመግቢያው ገንዘብ ድርሻህን አታገኝም ብሎ አስታወቀው። አንሰንም እየተቆጣ ተጫወተ። ነገር ግን ነገሩን አልተወውም። በሚመጣው ዓመት ወደ ቶሊዶ ለመመለስ በታሰበ ጊዜ፥ ጥቁር ሰው እንዳይሰለፍ ማረጋገጫ ይሰጠን የሚል ደብዳቤ ከቺካጎ ተጻፈ፤ በጨዋታውም ቀን ዎከር አልተሰለፈም።

በዚያ በ1884 ዓ.ም. የቶሊዶ ቡድን ከታላላቆቹ ማኅበሮች ወደ አንዱ ገብቶ ስለ ነበር፥ ዎከር ጥቁርነቱ በግልጽ እየታወቀ በታላቅ ማኅበር 42 ጊዜ ተጫወተ። መከራው ግን ከውጭ ብቻ አልነበረም። ቶኒ ሙለን የሚባል የገዛ ባልደረባው ወርዋሪ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1919 ዓ.ም. ሲናገር፥ ዎከር ካየኋቸው ተቀባዮች ሁሉ የሚበልጥ ነበር፥ እኔ ግን ጥቁርን ስለምጠላ ምልክቱን ሳላይ የወደድሁትን እወረውር ነበር ብሎ አመነ። ተማሪ ሆይ፥ ይህን ልብ አድርገህ አስብ። ኳሱ እንዴት እንደሚመጣ ሳይነገረው፥ በባዶ እጁ የሚቀበል ሰው ምን ያህል ሕመም ይቀበላል?

ከዚህ በኋላ በ1887 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ በ14ኛው ቀን፥ አንሰን ቡድኑን ይዞ ወደ ኒዋርክ ሄደ። በኒዋርክ ቡድን ዎከርና ጆርጅ ስቶቪ የሚባል ሌላ ጥቁር ሰው ነበሩ። ስቶቪ በዚያ ዓመት ብቻ ከሠላሳ የሚበልጥ ጨዋታ ያሸነፈ ወርዋሪ ነው። በዚያን ቀን ግን ሁለቱም አልተሰለፉም፤ ስቶቪ ታሟል ተባለ፥ እውነተኛው ምክንያት ግን የአንሰን እምቢታ ነበር። የኒዋርክ ቡድን የሚገኝበት ኢንተርናሽናል ሊግ የተባለው ማኅበርም በዚያው ቀን የቡድኖቹን ባለቤቶች ሰብስቦ፥ ከእንግዲህ ወዲያ ለጥቁር ሰው አዲስ ውል እንዳይጻፍ ወሰነ። ጥቁር ተጫዋች ያልነበራቸው ስድስት ቡድኖች ይከልከል አሉ፤ የነበራቸው አራቱ አይከልከል አሉ፤ ስድስቱም አሸነፉ። በታላላቆቹ ማኅበሮች ዘንድ ደግሞ የተጻፈ ሕግ እንኳ አላስፈለገም፤ ባለቤቶቹ በዝምታ ተስማምተው በሩን ዘጉት።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ የዘመኑ ልማድ ነውና በአንሰን ላይ ሊፈረድበት አይገባም ይላሉ። እኔ ግን በሦስት ምክንያት ይህን አሳብ አልቀበልም።

ፊተኛው ይህ ነው። ሞርተን በዚያው ዘመን የኖረ፥ በዚያው ሜዳ የቆመ፥ እንደ አንሰን ነጭ የሆነ ሰው ነበር፤ እርሱ ግን እምቢ አለ። በኢንተርናሽናል ሊግም አራት ቡድኖች በተቃራኒው ድምፅ ሰጥተዋል። ስለዚህ በዘመኑ ሁለት መንገድ ነበረ እንጂ አንድ ብቻ አልነበረም፤ አንሰንም መርጦ ሄደ።

ሁለተኛው ይህ ነው። አንሰን ነገሩን ለሕሊናው ብሎ ያደረገው ቢሆን ኖሮ ገንዘብ ባላሸነፈው ነበር። በ1883 ዓ.ም. ድርሻህን ታጣለህ በተባለ ጊዜ ተጫውቷል። በእርጅናውም ዘመን ሀብቱ ባለቀ ጊዜ በስሙ የተጠራ ቡድን በቺካጎ አቁሞ ነበር፤ ያም ቡድን ሊላንድ ጃየንትስ ከሚባለው የጥቁሮች ቡድን ጋራ ሲጫወት አንሰን አልተቃወመም። እንግዲህ ገንዘብ በሚጠፋበት ጊዜ የሚለሳለስ፥ ገንዘብ በማይጠፋበት ጊዜ የሚጠነክር ነገር ሕሊና ሳይሆን ትዕቢት ነው።

ሦስተኛውም ይህ ነው። ልማድ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰዎች ያቆሙታል። ይልቁንም ሕዝብ የሚያያቸው ሰዎች ሲያደርጉት ይጸናል። አንሰን እምቢ ባለበት በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የሴንት ሉዊስ ቡድን ተጫዋቾች ከጥቁሮች ቡድን ጋራ አንጫወትም ብለው ለባለቤቱ ደብዳቤ ጻፉ። ስለዚህ በደሉን ሁሉ በአንድ ሰው ራስ ላይ መከመር እውነት አይሆንም፤ ሌሎች ብዙዎች ነበሩበት። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። ይህ ምሳሌ ለበጎ ኅብረት ይነገራል፤ ነገር ግን ክፉም ቢሆን በኅብረት ያስራል። የአንሰን ክር ከሌላው ክር ሁሉ ትወፍር ነበር፤ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ፥ አለቅነቱም የተፈራ ነበርና። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንዲሉ፥ የታላቅ ሰው ቃል ከወጣ በኋላ ተናጋሪው ራሱ ሊመልሰው ቢሻ እንኳ አይችልም።

ጨዋታ ማለት ምን እንደ ሆነም እናስብ። በአገራችን በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ ሎሌው ጌታውን ቢያሸንፈው ጌታው እንዳይቆጣ የቆየ ልማድ ነው። እርግጥ ነው፥ በማግስቱ ሎሌው ወደ ሎሌነቱ ይመለስ ነበር፤ ስለዚህ በዚህ ብዙ ልንመካ አይገባንም። ነገር ግን ልማዱ አንድ እውነት ያሳያል። በሜዳ ላይ የሚጠየቀው ማን በደኅና መታ፥ ማን ፈጥኖ ሮጠ የሚለው ብቻ ነው። አንሰን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር፤ ክብሩን ሁሉ ያገኘው በዚህ ሚዛን ተመዝኖ ነውና። እርሱን ያከበረውን ሚዛን ለሌላው ሰው ከለከለ።

በ1888 ዓ.ም. ቡድኑን ይዞ ዓለምን ሊዞር ወጣ። በአውስትራሊያና በሲሎን አልፎ በየካቲት 1889 ዓ.ም. ወደ ግብፅ ደረሰ፥ በጊዛም ፒራሚዶች አጠገብ ተጫወተ። በአፍሪካ ምድር፥ የቀደሙ ሰዎች ባነጹት ድንቅ ሥራ ጥላ ሥር ቆመ። በዚያም መንገድ ክላረንስ ዱቫል የሚባል ጥቁር ወጣት እንደ መሣቂያ ሆኖ ይከተላቸው ነበር፤ አንሰን በ1900 ዓ.ም. ባወጣው የሕይወቱ ታሪክ መጽሐፍ ስለዚህ ወጣት የጻፈው ቃል ዛሬ ለማንበብ የሚያሳፍር ነው። ዓለምን መዞር ብቻውን ልብን እንደማያሰፋ ከዚህ እንማራለን።

ፍጻሜው እንዲህ ሆነ። ከቺካጎ ከወጣ በኋላ በኒው ዮርክ ጥቂት ጊዜ አለቃ ሆኖ ተመለሰ። በ1905 ዓ.ም. የቺካጎ ከተማ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ፤ ንግዱ ግን አልተሳካለትም፥ ሀብቱንም አጣ። ወዳጆቹ ገንዘብ እናዋጣልህ፥ ማኅበሩም ጡረታ ይስጥህ ሲሉት ምጽዋት አልቀበልም ብሎ እንቢ አለ፤ ከሴቶች ልጆቹ ጋራ በቴአትር መድረክ እየታየ እንጀራውን በላ። ይህም የሚያስመሰግነው ነው። በ1922 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፥ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው ሞተ። በ1939 ዓ.ም. ኩፐርስታውን በሚባለው ከተማ በሚገኘው የታላላቅ ተጫዋቾች የክብር አዳራሽ ስሙ ተጻፈ።

ዎከር ግን በሕዝቡ ላይ ከደረሰው በደል የተነሣ ተስፋ ቆርጦ፥ በ1908 ዓ.ም. የአሜሪካ ጥቁሮች ወደ አፍሪካ ቢመለሱ ይሻላቸዋል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በ1924 ዓ.ም. ሞተ፤ መቃብሩም ከስድሳ ዓመት በላይ የስም ድንጋይ ሳይቆምበት ኖረ።

የተዘጋው በርም በ1947 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፥ በ15ኛው ቀን፥ ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ቡድን እስኪሰለፍ ድረስ አልተከፈተም። በእነዚያ ስድሳ በሚያህሉ ዓመታት ስንት ብርቱ እጅ ከበሩ ውጭ ቀረ! ጆሽ ጊብሰን የሚባለው ጥቁር ተጫዋች በሩ ሊከፈት ሦስት ወር እንኳ ሳይቀረው፥ በጥር 1947 ዓ.ም. በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሞተ። በ2020 ዓ.ም. የኳሱ አስተዳዳሪዎች የጥቁሮቹ ማኅበሮች ከታላላቆቹ ጋራ እኩል እንዲቆጠሩ ፈቀዱ። በ2024 ዓ.ም. መዝገቡ በተጨመረ ጊዜም፥ በመምታት መጠን ከሁሉ በላይ የተገኘው ስም የጆሽ ጊብሰን ሆነ። መዝገቡ ተቃንቷል፤ ሰውየው ግን ያን ለማየት አልኖረም። ዘግይቶ የመጣ ፍርድ ለሕያዋን ትምህርት ይሆናል፥ ለሙታን ግን የተወሰደባቸውን ቀን አይመልስላቸውም።

እንግዲህ ስለ አንሰን ምን እንበል? አንዳንዱ ስሙ ከክብሩ አዳራሽ ይፋቅ ይላል፤ አንዳንዱ ስለ ጨዋታው ብቻ ይነገር ይላል። በእኔ አሳብ ሁለቱም መንገድ ወደ ሐሰት ያደርሳል። የመታው ምት መትቶታል፤ መፋቅ አይቻልም። የዘጋው በርም ተዘግቶ ኖሯል፤ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ቁጥሩም በደሉም በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ልጆችም ሁለቱን አብረው ያንብቡ።

በወንጌል የተቀበለውን መክሊት በመሬት የቀበረ ባሪያ እንደ ተወቀሰ እናውቃለን። አንሰን የገዛ መክሊቱን አልቀበረም፤ እጅግ አትርፎበታል። ነገር ግን የባልንጀራውን መክሊት ከቀባሪዎች ጋራ ሆኖ ቀበረ። የራሱን የቀበረ እንዲህ ከተወቀሰ፥ የሌላውን የቀበረ ምን ይባል ይሆን?

ልጆች ሆይ፥ ከእናንተ አንዱ ነገ የክፍል አለቃ፥ አንዱ የመዘምራን መሪ፥ አንዱ የሹም ጸሐፊ፥ አንዱም የብዙ ሠራተኞች ጌታ ይሆናል። በዚያን ጊዜ «እገሌ ካለ እኔ የለሁም» የምትሉበት ቀን ይመጣባችኋል፤ ሰዎችም ስለ ክብራችሁ ሲሉ ያን እገሌን ያስወጡላችኋል። ያ ሰው ስለ ክፋቱ የሚወጣ ከሆነ ፍርድ ነው፤ ስለ መልኩ፥ ስለ ዘሩ፥ ወይም ስለ ድህነቱ የሚወጣ ከሆነ ግን በደል ነው፥ ተጠያቂውም ቃሉን የተናገረው ነው። ሌላው ያን ቃል ሲናገር ብትሰሙ ደግሞ የሞርተንን ሥራ አስቡ። ሞርተን ረጅም ንግግር አላደረገም፤ ሊያሳርፈው ያሰበውን ሰው ጠርቶ አሰለፈው። የበደልን ቃል ለመመለስ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ብቻ ነው።